በነጭ ሰማይ ላይ ጥቁር ኮከብ

«አንቺ፣ የቆጠርሽው እኮ አቧራ ነው!» አሉኝ የፊዚክስ መምህሬ። ስክሪኑን በጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ሦስት ኮከቦቼ ጠፉ። አራተኛው በእግሩ ሄደ፤ ትንኝ ነበር።

«ታዲያ ላፕቶፑን ሳይወለውሉ ለምን ሰጡኝ?» አልኳቸው። ለመምህር እንዲህ አይባልም፤ የእኔ አፍ ግን አያርፍም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ጋምቤላ ቤታችን ተቀምጬ ነበር። እሳቸው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በርቀት ይማራሉ፤ ጥናታቸው በአንዲት ጎረቤት ጋላክሲ ያሉ ከዋክብትን አንድ በአንድ መለየት ነው። ምስሉ የተነሳው ኢንፍራሬድ በሚሉት፣ ከቀይ ቀጥሎ ባለውና ዓይናችን በማያየው ብርሃን ነው፤ እሱ የጋላክሲዋን አቧራ አልፎ ይመጣል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስልክ ካሜራ አዙረው ሲጫኑ ጫፉ ላይ መብራት አየሁ። በዓይኔ ሳየው የለም። ከዚያ ወዲህ ጨለማ የሚሉትን ነገር አላምነውም።

እንዲታይ ተብሎ ምስሉ ተገልብጧል፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር ነጥብ ነው። ሥራዬ ከሌላው ያልተጣበቀውን ነጥብ ለይቶ መመዝገብ ነበር። ዝርዝሩ ከጠራ ስሜን ከስማቸው ሥር ሊያሰፍሩልኝ ቃል ገብተዋል። ጎረቤት ይሏታል እንጂ ብርሃኗ የተነሳው የባሮ ወንዝ ገና ባሮ ሳይባል ነው። አንዳንዷ ነጥብ ላይ ጣቴን አድርጌ እቆያለሁ። ስሜ እንኳ ወደዚያ ይጠጋልኝ።

«ዛሬ መላክ አለበት» አሉ።

«እኔም ዛሬ ስድስት ሰዓት የኩሌ መኪና አለብኝ።»

አክስቴ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለው ክሊኒክ በኑዌርኛ አስተርጓሚነት አስቀጥራኛለች።

ሻርፔን በውሃ አርሼ ስክሪኑን ወለወልኩና ከአንድ ጀመርኩ። የተጠራጠርኩት ነጥብ ጋ ስደርስ ምስሉን ገፋ አደርጋለሁ። ኮከብ ከሆነ አብሮ ይሄዳል፤ አቧራ ከሆነ ባለበት ይቀራል።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ትንኙ።»

ሳቁ።

ግማሽ ላይ ስደርስ አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ሾፌሩ በጡሩምባ አደነቆረን! ኮከብ ምሳ ያበላሻል?»

«አንድ ገጽ ብቻ፣ አክስቴ።»

«መኪናው ገጽ አያውቅም!»

ወደ መምህሬ ዞርኩ። «ቲቸር፣ ግማሹ ይላካል?»

«የተጣራው ይላካል።»

«ከነስሜ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዝርዝሩን አዩት። «እስከ የት እንዳጣራሽ አስምሪበት።»

አሰመርኩ። ከመስመሩ ሥር ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። እርጥቡን ሻርፕ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።