የትናንቱ ቀሃ የቱ ነበር?

እስከ ዛሬ ያልገባኝን ነገር ነው የማወራው፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ አብራሪልን እንዳትሉኝ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ አገሩ ጎንደር። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ እኔ ሥዕል እሥላለሁ፣ እዘፍናለሁም፤ ታናሽ ወንድሜ ዋሽንት ይነፋል። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ሰበሰበንና ስለ ቀሃ ወንዝ ትርኢት አዘጋጁ አለን። ትናንት፣ በባላባቱ ዘመን፣ ወንዙ ደርቆ ነበር፤ ዛሬ በአብዮቱ ሞልቷል። ይህንኑ በሥዕልም በሙዚቃም አሳዩ። ለአውራጃው ውድድር ካለፋችሁ ከቡድኑ አንድም ሰው ለውትድርና አይመዘገብም ብሎ ቃል ገባልን። የወንድሜ ዕድሜ ደርሶ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

ችግሩ፣ ቀሃ እንዲያ አልነበረማ! እኔ ልጅ ሆኜ ልብስ ስናጥብ ውሃው ጉልበቴን ያልፍ ነበር። ዳር ዳሩን አኻያ ነበረ፤ ከታች ሸንበቆ ነበረ። ወንድሜ የመጀመሪያ ዋሽንቱን የቆረጠው ከዚያ ነው። አሁን ለሥራው ብለን ተሰብስበን ብንወርድ፣ አኻያው ተቆርጦ ቦታውን ባሕር ዛፍ ይዞታል፤ አሸዋው ተዝቆ አልቋል፤ ውሃው በድንጋዩ መሐል ለመሐል ቀጥኖ ይሄዳል። ወንድሜ "እንቁራሪቶቹስ?" አለ። ማሲንቆ የሚመቱልን ሽማግሌ ነበሩ፣ አያ ማሲንቆ እንላቸዋለን፤ ጆሯቸውን ወደ ውሃው አድርገው ቆዩና "ምነው ጭጭ አለ?" አሉ። ክራር መቺያችን መቼም ቀልድ አያልቅበትም፣ "ጓዶች፣ ሞልቷል ተብሏል፤ ሱሪያችሁን ሰብስቡ እንጂ!" አለ። ሳቅን። ከዚያ እርስ በርስ ተያየንና ሳቁን ተውነው።

ሁለት ትልልቅ አቡጀዲ ተሰጠኝ። ለደረቁ ወንዝ ቀለም ሞልቶ ነበር፤ ከመፈክር የተረፈው ቀይ ብቻውን አገር ያለብሳል። ሰማያዊ ግን ፒያሳን ሱቅ በሱቅ ዞሬ አጣሁ። በመጨረሻ የትምህርት ቤት የብዕር ቀለም ለምኜ በውሃ አቀጠንኩት። የሞላውን ወንዝ ስሥል የልጅነቴን አኻያ ነው የምሥለው፤ እየሣልኩ ግን "ይህ የዛሬው ነው፣ ይህ የዛሬው ነው" እያልኩ ራሴን አስጠናለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "እዚህ ጋ ሸንበቆ ጨምሪበት፤ የኔዋን ከዚህ ነው የቆረጥኳት" ይለኛል። እጨምርለታለሁ። ኋላ ኋላ ጭንቅላቴ ዞረ፤ የቱ የታዘዝኩት፣ የቱ ያየሁት እንደሆነ ተምታታብኝ።

ዜማው ላይ ግን ማንም አልተከራከረም። የትናንቱ በትዝታ፣ የዛሬው በጭፈራ። ትናንት ከተባለ ትዝታ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? አያ ማሲንቆም ወንድሜም ቃል ሳይነጋገሩ ጀመሩት። ያን ጊዜ አንዳችንም ቆም ብለን አላሰብንም።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡ ዕለት ሸራዎቹን በገመድ ስቦ የሚሰቅለው ልጅ ታሞ ቀረ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹ በር ላይ ነበረች። "እኔ ምን ሠራሁ? እኔ እስባለሁ!" ብላ መቀነቷን አጠበቀች። የልጇ ነገር ነው፤ ማን ይከለክላታል? "እማ፣ ትዝታው ሲጀመር የትናንቱን፣ ጭፈራው ሲጀመር የዛሬውን ሳቢ" አልኳት። "እሺ፣ ገብቶኛል" አለችኝ። ገብቷት ነበር፣ በእውነት።

መድረኩ ላይ ጀርባችንን ለሸራው፣ ፊታችንን ለሰው ሰጥተን ቆምን። የወንድሜ ዋሽንት ጀመረ፤ ገመዱ ሲንቋቋ ሰማሁ። እኛ "ደርቀሽ፣ ተሰነጣጥቀሽ" እያልን እንዘፍናለን። ሰዉ ግን ፊቱ ሌላ ነው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ሌላዋ እልል አሉ። እንዴ፣ በድርቅ እልል ይባላል? ዞር ብዬ ባይ አኻያዬ፣ ሸንበቆዬ፣ ያ ሁሉ የብዕር ቀለም ተዘርግቶ ቆሟል። ምን ላድርግ? ዘፈኔን ቀጠልኩ። ጭፈራው ሲመጣ እየተፍነከነክን "ሞላሽ፣ ሞላሽ" ስንል ከኋላችን ቀዩ ደረቅ ወንዝ ወጣ። አዳራሹ ጭብጨባውን አቀለጠው። ከገምጋሚዎቹ ጋር የመጣው ካድሬም አጨበጨበ፤ ሰዉ ስላጨበጨበ ይሁን ስለገባው አላወቅሁም።

ካድሬው ኋላ መጥቶ "የቱ ነው ትናንት?" አለን፣ ፈገግ ብሎ። አያ ማሲንቆ "ጓድ፣ ሁለቱም ቀሃ ነው" አሉት። ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ በምን እንደሳቅን እንጃ።

እሱ ዞር ሲል እናቴን ክንዷን ያዝኳት። "ምነው እማ? መጀመሪያ ደረቁ ነበር እኮ!"

"ትዝታ ጀመራችሁ" አለችኝ። "ደረቅ ወንዝ ማን ይናፍቃል?"

ወንድሜ አቅፎ ሳማት፤ "ሸጋ አድርገሽ ነው የሳብሽው" አላት። ያኔ ነው የሆነው ነገር የገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማለፋችንንም መውደቃችንንም የነገረን የለም። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ፒያሳ ላይ በአፈሳ ተያዘ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጥን፤ "ከኔ በላይ ነው" አለን። በሸራው ምክንያት ነው እንዳልል፣ ከቡድናችን ከበሮ መቺው ሲወሰድ በዕድሜ እኩያው የሆነው ክራር መቺ አልተነካም። በሸራው አይደለም እንዳልልም፣ የካድሬው ፈገግታ ትዝ ይለኛል። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ ነገር ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ!

መንግሥት ተለወጠ። የሌሎች ልጆች እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ እናቴ መናኸሪያ እየሄደች ከየመኪናው የሚወርደውን ሁሉ ስታይ ከረመች። የኛ አልመጣም።

አሁን አርጅታለች። ራዲዮ ላይ ትዝታ በተሰማ ቁጥር ወደኔ ዞር ትላለች።

"አንቺ ልጅ፣ የቱን ነበር መሳብ የነበረብኝ?"

"ልክ ነበርሽ እማ። የትናንቱ ቀሃ ያ ነው፤ ልክ ነው የሳብሽው።"

ትንሽ ታስብና "ልክ ከሆንኩ፣ ልጄ የት አለ?" ትለኛለች።