አባቴን ሳልጠይቅ የወሰድኩት ድምፅ

አባቴ የእድራችን ለፋፊ ነው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ አቃቂ ውስጥ በሰፈራችን ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ጋቢውን ደርቦ፣ ሜጋፎኑን ይዞ፣ በየቅያሱ እየዞረ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል። ድምፁ ወፍራም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካ ማሽን ጩኸት መሃል ለመሰማት ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ በሥራው አፍር ነበር። የክፍል ጓደኞቼ "የሞት አዋጅ ልጅ" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ምላሴ ክፉ ነበርና "ቆዩ፣ አንድ ቀን የእናንተንም ይጠራል" እያልኩ አስለቅሳቸው ነበር።

አሁን ጉልበቱ ከድቶታል። አንድ ክረምት ጭቃው አንሸራትቶት ወድቆ ሳምንት ሙሉ ተኛ። እናቴ "ይብቃህ" ብትለው "ሰው መሞት ሲበቃው ይበቃኛል" አላት። የእድሩ ኮሚቴ እሱ በሌለበት ተሰብስቦ "እኚህን ሰው ምን እናድርጋቸው?" ሲል እኔ ጣልቃ ገባሁ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ መቼም ኮምፒውተር የነካ ሰው ዓለምን ማቃናት የሚችል ይመስለዋል። በእድርተኛው ስልክ ሁሉ የድምፅ መልእክት የሚልክ ነገር ልሠራ፣ ድምፁም የአባቴ እንዲሆን፣ እሱ ቤቱ ቁጭ እንዲል ሐሳብ አቀረብኩ። የእድሩ ፀሐፊ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እሳቸው መልእክቱን ጽፈው ይልኩለታል፣ ማሽኑ በአባቴ ድምፅ ያነበዋል። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ደግሞ እወዳለሁ።

እንግዲህ ጉዴን ስሙ። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ሥልጠና ልኮኝ ነበር። ሳሪስ አቦ አካባቢ ባለ አዳራሽ ሦስት ቀን ተቀምጬ፣ የሰው መረጃ ያለ ፈቃዱ እንደማይወሰድ፣ ባለቤቱ ይጥፋልኝ ካለም መጥፋት እንዳለበት በቀይ እስክሪፕቶ እያሰመርኩ ጻፍኩ። እጄን እያወጣሁ ጥያቄ አበዛሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ሶፋ ሥር ሸጉጬ አባቴን ስቀዳው አመሸሁ። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኙም። ሥልጠናው ስለ ባንክና ስለ ሆስፒታል ነበራ። አባቴ ግን አባቴ ነው፤ የኔ ነው።

ለምን ደበቅሽ ብትሉኝ፣ ማይክ ካየ የዜና አንባቢ ስለሚሆንብኝ ነው። እንደ ልቡ እንዲያወራ ፈለግሁ። ከእናቴ ጋር ስለ ሽንኩርት ሲከራከር፣ ኳስ እያየ ዳኛውን ሲራገም፣ ብቻውን ሲያጉረመርም ሁለት ሳምንት ቀዳሁት። የተቀዳውን በኢንተርኔት ውጭ አገር ላለ አንድ ድርጅት ጫንኩ። "የድምፁ ባለቤት ፈቅዷል" የሚል ሳጥን መጣ። ምልክት አድርጌበት አለፍኩ።

ድምፁ ተሠርቶ የመጣ ቀን እናቴ ጓዳ ነበረች። ከሳሎን ስልኬን ከፍቼ በአባቴ ድምፅ "አንቺ፣ የት ነሽ?" አስባልኩት። "መጣሁ፣ ደግሞ ምን ጠፋህ?" እያለች ወጣች። አባቴ እኮ እዚያው ጓዳ አጠገቧ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት እየላጠላት ነበር። እንዲያም ሆኖ "መጣሁ" አለች። እሷና እኔ በሳቅ ሞትን። አባቴ ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ ስልኩን አየው።

"ይኼ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ አባዬ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል።"

"ሰው ከሠራው፣ ሰው ይጠየቅበታላ" አለ። ከዚያ መቼ እንደወሰድኩት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አለና ሄዶ እጁን ታጠበ። የተቀየመ መሰለኝ፤ ነገር ግን ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ለማን ለማን ነው የሚናገረው?"

"ለሁሉም። እኩል።"

"ሞት ለሁሉም እኩል አይነገርም ልጄ።"

ያን ጊዜ ነው አባቴ እንዴት እንደሚሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ። አራስ ያለችበት ቤት ሲደርስ ሜጋፎኑን ዝቅ ያደርጋል። ልባቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ደጅ ዝም ብሎ ያልፍና፣ ሲነጋ ልጃቸውን ለብቻ ጠርቶ ይነግረዋል። የሟች የቅርብ ሰው ያለበትን ቅያስ መርዶው በሽማግሌ እስኪነገር ድረስ ጨርሶ አይረግጠውም። እኔ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። "ይኼን ሁሉ የት ጽፈኸዋል?" ስለው እንደ ሞኝ አየኝ።

"የሰው ገበና ይጻፋል እንዴ? ሆዴ ውስጥ ነው።"

ተናደድኩ። ዘመን ተለውጧል፣ አንተ ስትወድቅ ማን ያነሳሃል፣ ስለ አንተ ነው የምደክመው አልኩት፤ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ይሸነፍልኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። "ካልሽ እሺ" አለ። ማሽኑ ሦስት ወር ሠራ። አባቴ ጎህ ሲቀድ አሁንም ይነቃል፤ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ይቆምና የራሱን ድምፅ ከየጎረቤቱ ቤት ሲሰማ ቆይቶ ተመልሶ ይገባል። ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ማሽኑን አላቆምኩትም።

ከኛ ሦስተኛው ቤት ውስጥ አንዲት እናት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ከአባቴ ጋር ፋብሪካ የሠሩ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ በቆርቆሮ ኪዮስክ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ይሸጣሉ። እስረኛ ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ ስልኩን እሳቸው ጋ ያስቀምጣል። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልለው ቁጥር ያስሩበታል። በቀን የስንት ሰው ስልክ እጃቸው ላይ ሲጮህ ይውላል፤ አንዱንም ገልብጠው አያዩም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ። ማንበብ ስለማይችሉ ስማርት ስልክ ገዛላቸውና፣ ከመንገድ የድምፅ መልእክት ይልክላቸው ነበር፤ አዋሽ ደርሻለሁ፣ ምሳ በላሁ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ? የእድሩ መልእክት በድምፅ መምጣት ሲጀምር ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይበልጥ የመረቁኝ እሳቸው ናቸው። "አሁን እንደ ሰው ተቆጠርኩ፤ አንብብልኝ ብዬ ማንንም አልለምንም" አሉኝ። ከምስጋናው ሁሉ ልቤን የሞላው ይኼ ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን የልጃቸው መኪና ከአዋሽ ወዲያ ተገለበጠ። የሥራ ባልደረቦቹ ደውለው ለእድሩ ሊቀመንበር ተናገሩ። እናትየዋ ግፊት አለባቸው፤ ከዓመት በፊት በድንገት ወድቀው በስንት መከራ ነው የተረፉት። ስለዚህ እንደ ወጉ፣ እህታቸው ከደብረ ዘይት እስኪመጡ ተጠብቆ፣ በማግስቱ ንጋት የንስሐ አባታቸውና ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸው መርዶው እንዲነገር ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ እሳቸው ጆሮ ምንም እንዳይደርስ።

እንዲህ ላለው ነገር ሰው የሚጠራው ከቤት ቤት በሹክሹክታ ነው። ፀሐፊያችን ግን ሦስት ወር ሙሉ በማሽኑ ለምደዋል። ጻፉ። ማሽኑም በአባቴ ድምፅ፣ የልጁን ስም ጠርቶ፣ ማረፉን ተናግሮ፣ "ነገ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ለመርዶ ተገኙ፤ እናትየዋ እንዳይሰሙ ጥብቅ አደራ" እያለ ለእድርተኛው ሁሉ ላከው። እናትየዋ እድርተኛ ናቸው። ስልክ ቁጥራቸውን በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት።

ቢሮ ነበርኩ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። መልእክቱን ከፍቼ "ጥብቅ አደራ" የሚለው ላይ ስደርስ የእሳቸው ቁጥር ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መልእክት መላክ አስተምሬዋለሁ፤ የተላከውን መመለስ ግን አላስተማርኩትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይኼ ደግሞ የሚለቀም ነገር አይደለም። ለአባቴ ደወልኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

"መቼ ነው የሄደው?"

"አሁን፣ አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው።"

"ጠያቂ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ስልክ እያደለች ነው፤ የራሷን አታይም" አለና ዘጋው።

እኔም በባጃጅ በረርኩ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ቀን አምላክን አልለመንኩም። ባጃጁ ቆሞ ስወርድ ሴትየዋ ሲወድቁ፣ ሰው ሲሰበሰብ ይታየኝ ነበር። ኪዮስኩ ጋ ስደርስ አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ያደረገው የቤት ሸበጡን ነው፤ ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎታል። የእሳቸው ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ አጥፍቶታል። የራሴ ተበላሸብኝ፣ የምጠብቀው ጥሪ አለ፣ ላንድ ቀን አውሺኝ ብሎ ነው የወሰደው። በዓይኑ ተቀመጪ አለኝ። ተቀመጥኩ። ለኔም ሻይ ተቀዳልኝ፤ ምን እንደጠጣሁ አላውቅም።

አባቴ የድሮ የፋብሪካ ወሬ ያወራል። የእሳቸው ባል በሥራ ሰዓት ጥጥ ላይ ተኝቶ ከጥጡ ጋር ተጠቅልሎ ሊታሰር ሲል እንዴት እንዳስጣለው ይተርካል፤ ሴትየዋ ይስቃሉ። ልጃቸው ቅዳሜ እንደሚገባ ነገሩን። አባቴ "አምላክ የወደደው ይሆናል" አለና ብርጭቆውን ዘረጋ። ሦስተኛው ነበር። ከዚያ ተነስቶ ለቀሩት ጠያቂዎች ቁጥር እየጠራ ስልካቸውን አደለላቸው፤ ማንቆርቆሪያውን ተሸክሞ ቤታቸው አደረሳቸው። እህታቸው እስኪገቡ ከደጃፋቸው አልተነሳም።

ሲነጋጋ መርዶው በወጉ ተነገራቸው። ብቻቸውን አልነበሩም። እህታቸው በአንድ በኩል፣ እናቴ በሌላ በኩል ይዘዋቸው ነበር፤ አልወደቁም። እኔ በር ላይ ቆሜ ጩኸታቸውን ሰማሁ። በዚያ ቀን እጄን ጠላሁት፤ አባቴን ደግሞ እንደዚያ ወድጄው አላውቅም።

አባቴ አልተቆጣኝም። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ብቻ "ድምፄን መልሽልኝ" አለኝ። የሠራሁትን ሁሉ አጠፋሁ፤ በኮሚቴው ፊት ቆሜም ጥፋቱ የፀሐፊው ሳይሆን የኔ መሆኑን ተናገርኩ። ለውጭ አገሩ ድርጅት ድምፁን እንዲያጠፋ ጻፍኩ። በደቂቃ ውስጥ "ጥያቄዎን ተቀብለናል" የሚል መልስ መጣ።

"ማን መለሰልሽ?" አለ አባቴ።

"ማሽን ነው።"

"ቤቱ ውስጥ ሰው የለም?"

"እኔ እንጃ አባዬ።"

"ታዲያ ማንን ልትከሺ ነው?" ብሎ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ ድምፁ እስከ ዛሬ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያናግርበት አላውቅም። ይኼን ጽሑፍ እንኳ አባቴንም ጎረቤታችንንም ጠይቄ ነው የጀመርኩት። ስም አትጥሪ አሉኝ፤ አልጠራሁም።

ከአርባው በኋላ ጎረቤታችን አስጠሩኝ። ስልካቸውን ሰጡኝና "አንድ ነገር አጥፊልኝ" አሉ። ከልጃቸው መልእክቶች በላይ የእድሩ መልእክት ተቀምጧል፤ አልተከፈተም።

"ያን ዕለት ሲመጣ ነዝሮ ነበር" አሉኝ። "ፋታ አግኝቼ ልከፍተው ስል አባትሽ በሸበጥ ከች አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አውሺኝ ብለውኝ አያውቁም። ስልክሽን ሲሉኝ አወቅሁ።"

"አወቁ? ታዲያ ለምን አልጠየቁትም?"

"ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር፤ መዋሸት አይሆንላቸውም። ዝም ብዬ ሻይ ቀዳሁላቸው። እስኪነጋ ልጄ ይኑርልኝ አልኩ።"

መልእክቱን አጠፋሁላቸው። ለአባቴ ልንገረው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ "ንገሪያቸው" አሉኝ። ቤት ገብቼ ነገርኩት። አባቴ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

"አውቄ ነበር" አለኝ። "ሦስቱም ብርጭቆ ስኳር አልነበረውም።"