ሰይድ አረንጓዴ የቀባው ብስክሌት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ምስክርነት እየሰማሁ፣ የሰማሁትንም ከሌላ ሰው እያረጋገጥኩ ለጋዜጣ በመጻፍ ነው። ያላረጋገጥኩትን ጽፌ አላውቅም። እያወቅሁ የካድኩት አንድ እውነት ግን አለ። የካድኩት ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ ቆቦ፣ በሰይድ ላይ ነው።

ሰይድ ጎረቤቴና እኩያዬ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሁለታችንም ትምህርት ጨርሰን ሥራ ፈትተን ተቀምጠን ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ከተማ ዋጃ አብረን ሄድንና ከአንድ መንገደኛ የጭነት መኪና ሹፌር አሮጌ ብስክሌት ገዛ። ሲገዛ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰንሰለቱ የዛገ፣ ጥቁር ቀለሙ የተላላጠ ነገር ነው። በየተራ እየገፋን ቆቦ አስገባነው፤ እኔም በሆዴ ሳቅሁበት።

ግቢያቸው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ላይ በገመድ ሰቀለው። በብርጭቆ ወረቀት አብሬው ፋቅሁ። ከበርና መስኮት የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነበረው፤ በናፍጣ አቀጠነው። የቆቦ ንፋስ አቧራ ያስነሳል፣ አቧራው ደግሞ እርጥብ ቀለም ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ሰይድ ማለዳ ንፋሱ ሳይነሳ ግቢውን ውኃ ይረጭና፣ ከፍየል ጠጉር አስሮ በሠራው ብሩሽ ስስ አድርጎ ይቀባል፤ እስኪደርቅም በአጎበር ይሸፍነዋል። እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ ሰልችቶኝ ተውኩት። እሱ ሳምንቱን ሙሉ ቀባ።

አልቆ ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው። አባቴ ከቤት ወጥቶ ብስክሌቱን በመዳፉ ዳበሰና ወደ እኔ ዞረ።

“ይሄ ነው እጅ ማለት። ያንተ እጅ ከጉርሻ ሌላ ምን ያውቃል?”

“ኧረ ጋሼ፣ እሱም እኮ አብሮኝ ፍቋል” አለ ሰይድ።

ሊያድነኝ ብሎ ነው። እኔን ግን ከአባቴ ስድብ ይልቅ የእሱ ለእኔ ማዘን አንገበገበኝ። ቀናሁ። ምኑ ነው ያስቀናኝ? ብስክሌቱ እንዳልል፣ ስፈልግ እያስነዳኝ ነበር። አባቴ እኔን እንደዚያ ብረት ዳብሶኝ ያውቃል? ይህን የምጠይቀው ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ያልተዳበሰ ሁሉ ጓደኛውን አያጠፋም። እኔ ግን አጠፋሁ።

ሰይድ ሲቀባ በሰነበተበት ሳምንት ከአንድ የሰፈራችን ነጋዴ ደጅ ጥቁር ብስክሌት ጠፍቶ ነበር። ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ሰፈሩ በሙሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱም ያየውን የሰማውን ለሽማግሌ በጆሮ ይነግራል። ሽማግሌው የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም፤ “ወፍ ነገረችኝ” ብቻ ነው የሚሉት። ተራዬ ሲደርስ ወደ ሽማግሌው ወደ ሼህ ይማም ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

“የሰይድ ብስክሌት ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር ነው” አልኳቸው።

ሐሰት አልነበረበትም። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ብስክሌቱ መጣ። ሼህ ይማም በቢላ ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ጥቁሩ ብቅ አለ።

“ልጄ፣ ወፍ እውነቷን ነው። ምን ልትሸሽግ ቀባኸው?” አሉት።

“ሼህዬ፣ ስላስጠላ ነው። ዋጃ ነው የገዛሁት። እሱ አጠገቤ ነበር” ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አባቴም አየኝ።

“ሲቀባ አይቻለሁ” አልኩ። “ሲገዛ አላየሁም።”

ነጋዴው “የእኔን ይመስላል” አለ፤ ብስክሌቱ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ የሰይድ እናት ውኃ ልትቀዳ ቦኖ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። ሰይድም ክረምቱ ሳይገባ ወደ አፋር ወርዶ ቀረ። እኔ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ ዓይን ውስጥ የምገባ መስሎኝ ነበር። አልገባሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለዘገባ ዋጃ ስሄድ አገኘሁት። ከአፋር ተመልሶ እዚያ ባጃጅ ይጠግናል። እጁ በግራሶ ቅባት ስለቆሸሸ በክንዱ አቀፈኝ። ያንን ቀን ያነሳውም እሱ ነው።

“ልጆች ነበርን” አለኝ። “ያን ሁሉ ሽማግሌ ስታይ ፈራህ። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ወላሂ አልተቀየምኩህም። እናቴ ናት ያሳዘነችኝ። እስክትሞት ድረስ ‘ልጄ፣ እውነት ገዝተኸው ነው?’ ትለኝ ነበር።”

ፊቴን አይቶ “አብሽር፣ አለፈ” አለኝ።

“አዎ፣ ፈርቼ ነው” አልኩት።

እዚያው፣ ዓይኑን እያየሁ፣ እንደገና ዋሸሁት። ይቅር ያለኝ ላልሠራሁት ጥፋት ነው፤ የሠራሁትን አያውቀውም። ያልተሰጠኝን ይቅርታ ይዤ እስከ ዛሬ ኖርኩ። የእናቱን ጥያቄ አሁን ማን ይመልስላታል? አንባቢ ሆይ፣ አንተም ይቅር አትበለኝ፤ የበደልኩት አንተን አይደለም።

ሰይድ፣ ለሼህ ይማም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ብስክሌቱን ስትገዛም አይቻለሁ። አልፈራሁም። ቀንቼ ነው።