የአባቴ ቁጥሮች

የስካነር ክዳን ሲነሳ የሚመጣው የሞቀ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ዛሬም ቢሮ ውስጥ ከወንበሬ ያስነሳኛል። ባልደረቦቼ ምንም አይሸትም ይሉኛል። ለእኔ ይሸተኛል።

ቁስቋም ዳገቱ ላይ የነበረው ቤታችን እንደሚነሳ የሚገልጽ ደብዳቤ የመጣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ይግባኝ ስንል፣ ሰሚዎቹ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ፋይል ተያይዞ በቀጠሮው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ይግባ አሉ። አባቴ ቦታውን እንዴት እንዳገኘ፣ ቤቱን በየትኛው ክረምት እንደሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ዓይኑ ሳይደክም በፊት፣ በአሥራ አንድ ገጽ በእጁ ጽፎ ነበር። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ስለነበር ለገጾቹ የሰጠው የግዕዝ ቁጥር ነው። እነዚያን ቁጥሮች ሊያስተምረኝ ብዙ ደክሟል። የእኔ ሥራ የገባኝ መስዬ ማምለጥ ነበር።

ያን ቀን ይዘንብ ነበር፤ የተዋስነውን ስካነር ጉርጉርታ የቆርቆሮው ጩኸት ይውጠዋል። መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ ወረቀቶቹ ከጭኔ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። እስከ ሦስት ድረስ አልቸገረኝም። ከዚያ በኋላ ግን አራቱን ከአምስቱ፣ ስድስቱን ከሰባቱ መለየት አቃተኝ። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ነበርና ጽሑፍ አይለይም። ጋቢውን ተከናንቦ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከክዳኑ ሥር የሚያልፈውን ብርሃን ብቻ ይከታተል ነበር።

“ቁጥሮቹን ትለያቸዋለሽ አይደል?” አለኝ።

“አዎ፣ አባዬ።”

ቅርጹን ነግሬው “ይሄ ስንት ነው?” ማለት ምን ይከብዳል? እስቲ ፍረዱኝ። አፈርኩ። በግምት ደረደርኳቸው፤ አንዱን ገጽ ሁለቴ አስገብቼ ሌላውን ሳልረሳም አልቀረሁ። ላክሁት ስለው መረቀኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ምርቃት ነው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ጽሑፉ አይያያዝም፣ ማስረጃው የትኛውን ገጽ እንደሚደግፍ አይታወቅም፣ አስተካክሎ ለማስገባትም ጊዜው አልፏል ይላል። ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔው ነኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚሉት ደረሰብን። በትክክል ብትልኪውም ቤቱ መፍረሱ አይቀርም ነበር የሚሉኝ አሉ። ይሆናል። ያንን የምናውቅበትን ዕድል ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዕቃችንን በጫንንበት ጠዋት ጎረቤታችን ልትሰናበተን መጥታ፣ ይግባኙ ምን ሆኖ እንደወደቀ አባቴን ጠየቀችው። ፍራሽ ተሸክሜ በሩ ላይ ነበርኩ።

“እኔ ነኝ ያበላሸሁት” አላት። “ዓይኔ ደክሞ፣ ገጾቹን አዘበራርቄ ሰጠኋት።”

ፍራሹን መኪናው ላይ ጫንኩ። ከዚያ በኋላ በኪራይ ቤት፣ ባለፈው ዓመት እስኪያርፍ ድረስ፣ ሁለታችንም ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈስንም። አባዬ፣ በቅደም ተከተል ነበር የሰጠኸኝ።