አባቴና የአሜሪካዋ ሶስና

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት የአንዲት አሜሪካዊት ልጅ ነገር ሳይነሳ አይመሽም ነበር። ማናችንም አይተናት አናውቅም፤ አባቴ ግን ከጎረቤት ልጆች አብልጦ ለእሷ ይጨነቅ ነበር። ሰማዩ ከጠቆረ «ያቺ ልጅ ዛሬ እንዴት አድርጋ ልትገባ ነው?» ይላል። እሸት ሲደርስ «ምነው ለእሷም በላኩላት» ይላል። እናቴም ራሷን ነቅንቃ «እሷ በልታ አድራለች፤ ይልቅ የራስዎን ልጅ ይዩ» ትለዋለች።

ቤታችን ከጅጋ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነበር። ጅጋ ስድስተኛ ክፍል እማራለሁ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ግራ እጃችንን እያነሳን መፈክር እናሰማለን፤ ከዚያ ወደየክፍላችን እንገባለን። ጥቅምትና ኅዳር ላይ መንገዱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት በማስነጠስ ነበር ትምህርት ቤት የምንደርሰው። የእኔ ሐሳብ ስድስተኛን አልፌ ሰባተኛን ፍኖተ ሰላም መማር ነው። የአባቴ ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነበር። «ሴት ልጅ ስሟን ከጻፈች፣ ደብዳቤ ካነበበች ምን ቀራት? የቀረውን ባሏ ያንብብላት» ይል ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ዓለም እንደዚያ ስለነበር ነው።

መምህር አስናቀ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ድሮ ከነበረ ፈረንጅ አስተማሪ የተረፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የንባብ መጽሐፍ ነበራቸው። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ መስኮቱን ገርበብ ያደርጉና ከዚያ መጽሐፍ ሱዛን ስለምትባል የልብስ አጣቢ ልጅ ይተርኩልናል። ሱዛን ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ቤቷ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት የነጮች ነው ተብሎ አይቀበላትም። የሚቀበላት ትምህርት ቤት ሩቅ ነው። እሷ ግን አስተማሪ ካልሆንኩ ብላለች። ጠዋት አሜሪካንን ስናወግዝ አርፍደን ከሰዓት በኋላ ለአሜሪካዊቷ ልጅ እናለቅሳለን። ሁለቱንም ከልባችን ነበር።

እኛ ቤት ከእራት በፊት ሁላችንም ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠን በቆሎ እንፈለፍላለን። አንድ ዓርብ አመሻሽ የሰማሁትን እዚያው አወራሁ። አባቴ የያዘውን በቆሎ እንደ ጨበጠ ቀረ።

«ማን አልሽ ስሟን?»

«ሱዛን።»

«ሶስና በያ! የመጽሐፍ ቅዱስ ስም እያላት ምን ያንሻፍፍሻል?»

እናቴም «አሜሪካ ጥቁር ሰው አለ እንዴ?» ብላ ተገረመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሶስና ሆነች። አባቴ ዓርብ እስኪደርስ አይችልም። ከእርሻ ሲመለስ ገና ሞፈሩን ሳያስቀምጥ «እህ፣ ሶስና?» ይላል። የለም ዛሬ ማክሰኞ ነው ስለው «ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው በሳምንት አንዴ ብቻ የሚያስተምር!» ብሎ ይበሳጫል።

የጥጡ ታሪክ የመጣ ዕለት ግን ነገሩ ከረረ። የሶስና አባት ጥጥ ለቀማ ደርሷል ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀራት። አባቴ ፈልፍሎ የጨረሰውን የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወርውሮ ተነሳ። «የማይረባ! ጥጥ ለዓመቱ ይደርሳል፤ የልጅ ዕድሜ ይመለሳል ወይ? አባት ብሎ ዝም!» አለ። በዚያው ሰሞን እኔ ራሴ በርበሬ ለቀማ ላይ ነበርኩ። ለሶስና ሲል ዓርብን ብቻ እየለቀቀ ሌላውን ቀን ከትምህርት ቤት ያስቀረኝም እሱ ነው። ጣቶቼ እየተቃጠሉ ዓይኔን እንኳ ማሸት አቅቶኝ ነበር። እናቴ ከበቆሎው ቀና ሳትል፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣

«እውነትዎን ነው፤ ጥጥ ሲሆን ያንገበግባል። ደግነቱ በርበሬ አልሆነ» አለችው።

አባቴ ሳል ያዘው። ጠጥቶ የማያውቀውን ያህል ውሃ ጠጣ። በማግስቱ በርበሬው ማሳ ውስጥ ሳገኘው ፊቱን አዙሮ «በርበሬው የትም አይሄድ። ሂጂና ሶስና ምን እንደ ሆነች ሰምተሽ ነይ» አለኝ። ቅዳሜ መሆኑን ስነግረው «እንግዲያው ሰኞ» አለ።

ሰኞ ስሄድ መምህር አስናቀ የሉም። ወደ ግሽ ዓባይ ተዛውረዋል ተባለ። መጽሐፉንም ይዘውት ሄደዋል። ሶስና ካለቀች የእኔም ትምህርት ማለቁ ነው። ቤት ሳልደርስ እናቴን ምንጭ አጠገብ አገኘኋትና እያለቀስኩ ነገርኳት። እናቴ ሀ ሁ እንኳ አልቆጠረችም። እንስራዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ጥቂት አሰበች።

«መምህሩ ሄዱ እንጂ ሶስና የት ትሄዳለች? እስከ አሁን እሳቸው አመጧት፤ ከዚህ ወዲያ እኛ እንወስዳታለን» አለችኝ።

እንደዚያ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ስንቀዳ እናቴ ታስባለች፤ ማታ እኔ አወራለሁ። ሶስና ወንዝ ሞላባት፤ የበሬ ጭራ ይዛ ተሻገረች። መንገድ ላይ ጅብ ገጠማት፤ የደብተሯን ቦርሳ ወርውራበት አመለጠች። አባቴ ጅቡ ላይ ተጠራጠረ። «አሜሪካ ጅብ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ ቀድማኝ «ጅብ የሌለበት አገር የት አለ!» አለችና አለፍን።

ወሬው ከቤታችን አልፎ መንደሩን አዳረሰ። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ምናለ፣ አባቴ እንኳ «አንቱ» የሚላቸው ሰው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ዱላቸውን ይዘው መጡ። በራችን ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጓድ ታደገ፣ በዚህ ቤት የኢምፔሪያሊስት አገር ይወደሳል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

አባቴ ደነገጠ። «እኛ የምናወራው ስለ አንዲት የደሃ ልጅ ነው፤ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። እሳቸውም ተቀምጠው ጉዳዩን ማጣራት ጀመሩ። እኔም ከልብስ አጣቢዋ እናት ጀምሬ እስከ ጥጡ ነገርኳቸው። ጥጡ ላይ ስደርስ ጓድ ምናለ ሳያውቁት በቆሎ አንስተው መፈልፈል ጀምረዋል።

«ልጅቷን ለምን የሩሲያ አታደርጓትም? ይቀላል» አሉ በመጨረሻ።

«ሩሲያ ጥቁር አለ?» አለ አባቴ።

ጓድ ምናለ ጥቂት አሰቡ። «ይህ ከበላይ የሚጠየቅ ነው» ካሉ በኋላ «ለነገሩ እናቷ ልብስ አጣቢ ከሆነች ጭቁን ናት። ጭቁን ከሆነች ከእኛው ወገን ናት። ቀጥይ» አሉኝ። ጅቡን ስነግራቸውማ በጣም ደስ አላቸው። «ኢምፔሪያሊስት ባለበት ጅብ አይጠፋም!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ ወዲያ ለማጣራት ያልመጡበት ምሽት ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ከጅጋ ገበያ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። ጓድ ምናለ ለወንድማቸው ልጅ እኔን ሊጠይቁ እሑድ ሽማግሌ ሆነው እንደሚመጡ ሰምታለች። ጥር የሠርግ ወር ነው። የልጁ ወገኖች በሬም መሬትም አላቸው። አባቴ እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። እኔ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። እናቴ ግን ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ሥራ ጀምራለች።

«ዛሬ ማታ ሶስና ላይ ሽማግሌ ይላክባት» አለችኝ።

«እማዬ፣ አሜሪካ ሽማግሌ ይላካል እንዴ?»

«ሰው ባለበት ሁሉ ሽማግሌ አለ። አንቺ ብቻ አውሪ።»

ያን ዕለት ማታ ጓድ ምናለም ነበሩ። ሶስና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ሦስት ሽማግሌዎች መጡባት ብዬ አወራሁ። አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ያን ሁሉ ወንዝ ተሻግራ? ከጅብ አፍ ወጥታ? በሚካኤል እላችኋለሁ፣ እኔ ብሆን አልሰጣትም!» አለ። ጓድ ምናለም አልቀሩም። «ሽማግሌ ተብዬዎቹስ! እግራቸው ምነው መንገድ ላይ በተሰበረ!» አሉ። እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። አባቴ «ታዲያ አባትየው ምን አለ?» ሲለኝ ገና አልደረስንበትም አልኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ጓድ ምናለ መካከል ናቸው። ካፖርታቸውን ትተው ጋቢ ለብሰው ሳያቸው ሌላ ሰው መሰሉኝ። እንደ ወጉ ቆመው፣ ተቀመጡ ቢባሉም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጓድ ምናለ ዱላቸውን ተደግፈው ጀመሩ።

«ጓድ ታ... አያ ታደገ፣ የመጣነው በደህና ነው። ልጃችሁን ለልጃችን...» አሉና የእናቴን ዓይን አዩ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ጥቂት ፈገግ ብላለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እግርዎ ደህና ነው? መንገዱ አላስቸገረዎትም?» አለቻቸው።

ጓድ ምናለ ላብ በላብ ሆኑ። የቀሩት ሁለቱ ምን እንደ ነካቸው ግራ ገብቷቸው ጎን ጎናቸውን ያዩዋቸዋል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ከዚያ አባቴ ጠራኝ።

«ስመኝ፣ ነይ እስቲ። ያቺ የአሜሪካዋ ሶስና፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባትየው ምን አላቸው?»

መጥቼ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ማታ ስዋሽ ያልጠፋኝ ቃል ያን ቀን ጠፋኝ። አባቴ ትንሽ ጠበቀኝና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ልጅቷ ረስታዋለች። እኔ ልጨርሰው» አለ። «አባትየው ሽማግሌዎቹን አክብሮ ተቀበለ። ከዚያ እንዲህ አላቸው፤ 'እናንተን እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ዘግይታችኋል። እኔ ልጄን ለትምህርት ድሬያታለሁ። በባል ላይ ባል አይደረብም፤ ነውር ነው' አላቸው።»

ሁሉም ጓድ ምናለን ያያል። እሳቸው ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ።

«ሽማግሌዎቹስ ምን አሉ?» አሉ።

«እሱን እርስዎ ይንገሩን» አለ አባቴ።

«እንግዲህ ሽማግሌዎቹ አስተዋይ ሰዎች ነበሩ። 'ከተዳረችማ ምን ይደረጋል፤ ትዳሯን ይባርክ' ብለው መርቀው ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ» አሉና ጓድ ምናለ ተቀመጡ። ጠላው መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለልጅ ጥየቃ መጥተው ስለ አሜሪካ ሲወራ ሰምተው፣ እምቢታውን ማን እንዳለው፣ ለማን እንደ ተባለ ሳይለዩ መርቀው ወጡ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ አባቴን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሱ ግን እየሳቀ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መምህር አስናቀ ግሽ ዓባይ ሲሄዱ አልጋቸውንና መጻሕፍታቸውን አህያዬ ላይ ጭኖ መኪና መንገድ ድረስ ያደረሳቸው ማን መሰለሽ?» አለኝ። እናቴና እኔ ተያየን። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለችው እናቴ። «ቢቋረጥብኝስ?» አላት።

ሰኔ ላይ ፈተናውን አለፍኩ። መስከረም ላይ አባቴ በሶና ድርቆሽ ጭኖልኝ ፍኖተ ሰላም ወሰደኝ። ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተን ገባን። አባቴ ግድግዳውን በእጁ እየነካ፣ በሩን እየከፈተና እየዘጋ ብዙ ቆየ። ሲለየኝ አቅፎ አልሳመኝም፤ ጉንጬን በሻካራ ጣቱ ነካ አድርጎ «ወንዝ ሲሞላ አትሻገሪ» ብቻ አለኝና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ወንዝ ተሻገርኩ። አንዳንዱን እያለቀስኩ፣ አንዳንዱንም ወድቄ ተነስቼ።

አሁን ቡሬ አስተምራለሁ፤ ጡረታዬም ደርሷል። ከጅጋ መንደራችን ድረስ ባጃጅ ይገባል። እዚያው መንደሩ ውስጥ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ልጆቹ የአሜሪካን ልጆች በስልካቸው ያዩዋቸዋል፤ እንደ እኔ ጅብ መፍጠር አያስፈልጋቸውም። ቢሆንም በየዓመቱ ጥር ሲቃረብ አንዲት ሴት ልጅ ከክፍሌ ትቀራለች። ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ። አባቷ ወንበር ያቀርብልኛል፤ ምክሬን አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል፤ «እሺ መምህርት፣ ልክ ነሽ» ይለኛል። ልጅቷ ግን አትመለስም።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ይከራከር ነበር፤ ይቆጣል፤ ቆሮቆንዳ ይወረውራል። አይቷት ለማያውቃት የሰው አገር ልጅ ቁጣው ይነድና፣ እዚያው ቁጣው ውስጥ ሳለ የራሱን ልጅ ያያታል። ያንን ሰው ቀብረነው ብዙ ክረምት አልፏል። እኔ ግን ዛሬም «እሺ» ከሚለኝ አባት ቤት በወጣሁ ቁጥር፣ «የማይረባ!» ብሎ ብድግ የሚል አንድ ሰው ይናፍቀኛል።