በጀርባው የቆመ መጽሐፍ

ጠራዡ ዘወትር ጠዋት፣ ሱቁን ከፍቶ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ሰዎች ለጥገና ያመጧቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ በጀርባቸው ጠረጴዛ ላይ ያቆማል። ከዚያ ሁለት እጁን ባንዴ ይለቃል። መጽሐፉ ለሁለት ተከፍሎ ዘርፈጥ ይላል። እሱም የተከፈተውን ገጽ በአገጩ እያመለከተ፣ «ይኸው ነቢያችሁ!» ይላል። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም፤ ለራሱ ነው የሚለው።

ሠላሳ ዓመት የጠረዘ ሰው ያውቃል። መጽሐፍ የሚከፈተው ክሩ በላላበት፣ ሙጫው በተሰነጠቀበት ነው። ደጋግመው የገለጡት ቦታ ሳይነኩት ይከፈታል። ሰዉ ግን ኑሮ ሲጠብበት፣ ሥራ ሲጠፋ፣ የነገው ሲጨልምበት መጽሐፍ ቅዱሱን ያነሣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል፤ ጣቱን ያሳርፋል፤ «ተነገረኝ» ብሎ ይነሣል። አንብቦ እንዳይመስላችሁ! ማን ለማን እንደተናገረው፣ ቀጥሎ ምን እንደመጣ ግድ የለውም። ዘመኑ በከፋ ቁጥር ጀርባቸው የሚሰበር መጻሕፍት ይበዛሉ። ጠራዡም ደንበኞቹን እየናቀ ኑሮውን ይገፋል።

«ጋሽ ሙጫ» አለው አንድ ቀን ባለ ታክሲው፣ ሰፈሩ ባወጣለት ስም እየጠራው፤ «መኪናዋን ልሽጣት ወይስ ትቆይ? ሦስቴ ገለጥኩ፣ ሦስቴም ሠረገላ ወደ ሰማይ ሲወጣ ነው የመጣልኝ።»

«እንግዲያው ሽጣትና ክንፍ ግዛ።»

«አትቀልድ እንጂ!»

«እኔ ምን አልኩ? እዚህ ጋ ክርህ አልቋል። ያነጋገረህ ክር ነው።»

«አይ ጋሽ ሙጫ! አንተስ እግዜርንም በሙጫ ሳታጣብቀው አትቀርም» ብሎ ባለ ታክሲው እየሳቀ ወጣ። ጠራዡ አልሳቀም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት መሪ ጨብጦ መንገድ ላይ መውጣቱ ነው ያስገረመው።

ንቀቱን ሱቁ ውስጥ ቆልፎ መሄድ ቢችል ደግ ነበር። ግን ቤትም ይጠብቀዋል። ልብስ ተኳሿ ታናሽ እህቱ፣ በእጁ ያሳደጋት፣ አንገቷ ላይ እባጭ ወጥቶባታል። ሐኪሙ «በቶሎ ይውጣ፤ ከቆየ መጀመሪያ ድምፅሽን፣ ቀጥሎ አንቺን ይወስድሻል» ብሏታል። ሁለት ጊዜ ቀን ተቆረጠላት፤ ሁለቴም ቀረች። ለምን ቢባል፣ መጽሐፏ ሁልጊዜ የሚከፈተው ያ ሁሉ ሕዝብ ባሕሩ ዳር ደርሶ «ዝም ብላችሁ ቁሙ» የተባለበት ላይ ነው።

«ቁሚ ተባልኩ፣ ጋሼ። ምን ላድርግ?»

«አንቺ ሞኝ! ዝቅ ብለሽ አንብቢያ! እዚያው ሥር፣ ተነሥተው ይጓዙ ነው የሚለው!»

«ጣቴ እዚያ አልደረሰማ።»

ጠራዡ ሙጫ እስኪደርቅለት እየጠበቀ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ነው። ጣት የማትደርስበት ቃል ሰው ሲገድል ቁጭ ብሎ ማየት አንገበገበው። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። ሰኞ ዕለት «ጀርባው አልቋል፣ ልጠርዝልሽ» ብሎ መጽሐፉን ወሰደ። ሐሳቡ ክፉ ነበር፤ አዲስ ጠርዞ ሲያበቃ፣ ለምጻሙ የጦር አለቃ «ሂድና ታጠብ» የተባለበትን ገጽ አሥር ጊዜ ሊያጥፈው። በሽተኛው ሰውዬም እንደ እሷ አንገራግሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ሌላ ቦታ አይከፈትም። ንቆ የኖረውን ሞኝነት እሱ ራሱ ሊሸጥላት ነው።

አንዴ አጠፈው። አዲሱ ጀርባ ቋ ሲል ሰውነቱ ተሸማቀቀ። በሠላሳ ዓመት የሰው መጽሐፍ ሆን ብሎ አበላሽቶ አያውቅም። ጀርባውን ገንጥሎ እንደገና ሰፋው፤ ቀጥ አድርጎ፣ ወደ የትም የማያዳላ አድርጎ።

ረቡዕ ማታ መልሶ ሰጣት፤ ራት ሳይቀርብ ገለጠችው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ስም ብቻ ነው! እገሌ እገሌን ወለደ…»

ደገመች። የመቅደሱ ግድግዳ ስንት ክንድ እንደሆነ። ሦስተኛ ጊዜ፣ የማይበሉ አእዋፍ ዝርዝር። ዘጋችና ቀና አለች።

«እሺ፣ አንተ ምን ትላለህ? ልሂድ፣ ልቅር?»

ሐሙስ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። እባጩ ወጣ፤ ድምፅዋ ትንሽ ቢሻክርም እሱን ለመቆጣት ይበቃል። ጠራዡ ዛሬም ለመጣው ሁሉ፣ «ሂጂ አልኳት፣ ሄደች! ሰው ጠይቆ መልስ ማግኘት እያለ ጣት ምን ያደርጋል?» እያለ ይደነፋል። ታሪኩም እንዲሁ እንዲጻፍለት ነው የፈለገው። አይጻፍብኝ ብሎ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ረቡዕ ማታ እህቱ «ልሂድ፣ ልቅር?» ብላ ዓይን ዓይኑን ስታየው፣ ሙጫ የደረቀበትን ጣቱን ፋቀ። ኋላም መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋና፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግመሽ ግለጪው» አላት።