ሐጂ ፓስወርድ የቀየሩ ዕለት

የመስጂዳችንን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። መተዳደሪያዬ ዌብሳይት መሥራት ነው፤ ለሱቅም ለጥርስ ሐኪምም እሠራለሁ፣ የመስጂዱን ግን ለአላህ ብዬ ነው። ካልጋሪ ያለን የወሎና የአዲስ አበባ ልጆች የሰላት ሰዓት የምናየው፣ ልጆቻችንን ለቁርአን ትምህርት የምናስመዘግበው፣ ማን እንደወለደና ማን እንደሞተ የምንሰማው እዚያ ላይ ነው። ማስታወቂያውን የሚጽፉት ደግሞ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የጀመዓችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነድተዋል። ኮምፒውተር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በአንድ ጣት ይጽፋሉ፣ እንደ ድሮ ሰው በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ይደረድራሉ። «ሐጂ፣ አሁን እኮ ክፍት ቦታ ይበቃል» ስላቸው «ተወኝ፣ ቃል ከቃል ይጋጭ እንዴ?» ይሉኛል።

የተጨቃጨቅነው ግን በነጥብ አይደለም፣ በፓስወርድ ነው። የገጹ ፓስወርድ «ቢስሚላህ» ነበር። በቃ፣ ቢስሚላህ! ሰው ሁሉ በር ከፍቶ ሲገባ የሚለውን ቃል ቁልፍ አድርገውት ቁጭ። አንድ ረመዳን ላይ የፈራሁት ደረሰ። ሰው ማፍጠሪያው ስንት ሰዓት ነው ብሎ ገጹን ሲከፍት፣ በመግሪብ ሰዓት ፈንታ የቁማር ማስታወቂያ ብልጭ ድርግም ይላል። ወይ ጉድ! ቴምፕል ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ መስጂዳችን ቁማር ቤት ሆነ እንዴ?» አሉኝ። እሱን ሳጸዳ ውዬ ጾሜን የፈታሁት ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሬ፣ በውሃ ብቻ ነው። እንዴት እንደተናደድኩ አላህ ያውቃል።

በማግስቱ ሐጂን ቁጭ አድርጌ ሰበክኳቸው። «የእናት ስም፣ የልጅ ስም፣ የትውልድ አገር፣ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚህን ነው። ረጅም ይሁን፣ ማንም የማይገምተው ይሁን፣ በየጊዜው ይቀየር።» ሐጂ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩ ሰሙኝና «አላህ የጠበቀውን ማን ይሰርቃል?» አሉ። «ሐጂ፣ ግመልህን እሰርና በአላህ ተወከል ተብሏል እኮ!» አልኳቸው። ሳቁና «እሺ፣ አስራታለሁ» አሉ። የት አባቷ፣ አላሰሯትም። እኔው ራሴ ረጅም ፓስወርድ አወጣሁላቸው፤ በጠፋቸው ቁጥር እየደወሉ ይጠይቁኛል እንጂ በገዛ እጃቸው አንድም ቀን ቀይረው አያውቁም። ሲሰለቸኝ፣ ፓስወርዱን ማንም ሰው ከነካው ስልኬ ላይ መልእክት እንዲመጣልኝ አደረግኩ።

ያን ሰሞን እናቴ ደሴ ታማ ተኝታ ነበር። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነው፤ ሳትሞት ልድረስባት። ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበት ለእድሳት ልኬው፣ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍትና ስዘጋ ከረምኩ። በመጨረሻ መጣልኝና ለሚቀጥለው ሳምንት ትኬት ቆረጥኩ። «መጣሁልሽ እማ» አልኳት በስልክ። ድምጿ ልስልስ ብሏል። «በሩን ለማንም አልሰጥም፣ እኔ ራሴ ተነስቼ ነው የምከፍትልህ» አለችኝ፤ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ሰንብታለች እኮ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው እህቴ ሆነች። «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት፣ አንቀስቅሳት» ትለኛለች። እኔም እንቅልፍ ለበሽተኛ ጥሩ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ ሐጂ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። ከዚያ «ቸኩያለሁ» ብለው ሄዱ። ሐጂ ደግሞ ቸኩለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስካይቪው ራንች ሰፈር ያለው ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ሶፋውን እየገፋች ወደ ግድግዳ ታስጠጋለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ቫክዩም ላደርግ ነው» አለች። ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ሻንጣዬንም ቁም ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። «ምነው፣ ጉዞው ቀረ ልትይኝ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። እኔም ደክሟት ይሆናል ብዬ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳልቆይ ስልኬ ጮኸ፤ የሐጂ ፓስወርድ ተቀይሯል ይላል። ክው አልኩ። ሐጂ? በገዛ እጃቸው? በጭራሽ! ደወልኩላቸው፣ አያነሱም። ደገምኩ፣ አያነሱም። ገና አንዴ ሲጠራ «አቤት ልጄ» የሚሉ ሰው ናቸው። ያ ቁማርተኛ ተመልሷል አልኩና ደሜ ፈላ። የፊቱን በር ቢቆልፍብኝም ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የጓሮውን በር አላጣውም። ገጹ በተቀመጠበት ሰርቨር በኩል ገባሁ። ቁማር የለም። የተሰረዘ ነገርም የለም። አዲስ ነገር ቢኖር ተጽፎ የተቀመጠ፣ ገና ለሰው ያልወጣ ማስታወቂያ ነው። ከፈትኩት። በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ አለ። ተመስገን፣ ሌባ አይደለም፣ ሐጂ ናቸው ብዬ እፎይ አልኩ። ያነበብኩት እፎይ ካልኩ በኋላ ነው።

«ኢንና፡ሊላሂ፡ወኢንና፡ኢለይሂ፡ራጂዑን። የድረ፡ገጻችን፡ሠሪ፡የሆነው፡ወንድማችን፡ወላጅ፡እናት፡ወደ፡አኼራ፡ሄደዋል።» ከሥሩ የእናቴ ሙሉ ስም አለ። ከስሟ ሥር የለቅሶው ቤት አድራሻ አለ፤ የእኔው ቤት ነው። ሶፋው ያን ጊዜ ገባኝ። ሻንጣው ገባኝ። የእናቴ እንቅልፍም ገባኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በጽሑፍማ ጭራሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። እዚህ አገር መርዶም የሥራ ሺፍት ይጠብቃል፤ ሰው የሚገኘው ቅዳሜ ነው። እስከ ቅዳሜ ሊደብቁኝ ተማክረዋል። ገጹን ሁልጊዜ የማየው እኔ መሆኔን ስለሚያውቁ ደግሞ ሐጂ በር ቆለፉብኝ። ያን ሁሉ ዘመን ለሌባ ያልቀየሩትን ፓስወርድ ለእኔ ብለው ቀየሩት።

ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብጮህ ባለቤቴ ትሮጣለች፣ ሐጂም ይሰማሉ። ያ ሽማግሌ፣ ልጁን በእኔ ጽሑፍ አረዳሁት እያሉ እስኪሞቱ ሊጸጸቱ ነው። ምንም እንዳልነካ ሰው ከሰርቨሩ ወጣሁ። የዐስር ሰላት ሰገድኩ። ግንባሬን መስገጃው ላይ እንደደፋሁ «ያረቢ፣ አንዲት ሳምንት ምን ነበረባት?» አልኩ። ጌታዬን ተቀይሜው ነበር፤ መቀየሜን ለማንም ሳይሆን ለራሱ ነገርኩት። መስገጃው እስኪርስ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ተነሳሁ።

እራት ቀረበ፤ ሁለታችንም አልበላንም። «ምነው?» አለችኝ ባለቤቴ። «ምሳ ከብዶኝ ነው» አልኩ። «አንቺስ?» «እኔም» አለች። አጃኢብ ነው፣ ባልና ሚስት በአንድ ገበታ ላይ አንድ ሞት ተደባበቅን። ልጠይቃት አልቻልኩም፣ ልትነግረኝም አልቻለችም።

ቅዳሜ ሱብሒ ሰግጄ ልብሴን ለባብሼ ጠበቅኳቸው። መኪናዎች ተራ በተራ መጥተው ደጃፌ ላይ ፓርክ አደረጉ። ሐጂ ከፊት ሆነው የጫማቸውን በረዶ እያራገፉ ገቡ። እኔ ተለማምጄ ነበር፤ እንዴት እንደምደነግጥ፣ ምን እንደምል፣ ሁሉንም። ሐጂ አጠገቤ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ የሰጠን አላህ ነው፣ የሚወስድም እሱ ነው» አሉኝ። «እናትህ አልፋለች። አብሽር፣ በርታ።»

የተለማመድኩት ሁሉ ከየት ይምጣ! እንዳላነበብኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳላወቅኩት ሆኜ ተንሰፈሰፍኩ። «እማ! ደርሼልሽ ነበር እኮ እማ!» ብዬ ስነሳ ሐጂ ላይ ወደቅኩ። እሳቸውም አቅፈውኝ አብረውኝ አለቀሱ። ለካ እናቴ እስክሪኑ ላይ ገና አልሞተችልኝም ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሐጂ ብቻቸውን መጡ። ሻይ ቀርቦላቸው አልነኩትም። «ያን ዕለት ደጋግመህ ደውለህልኝ ነበር» አሉ። «እውነቱን ንገረኝ፣ አይተኸው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምኑን? አላየሁም ሐጂ። የሰላት ሰዓት ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። «እንደመከርከኝ ግመሏን አሰርኳት» ብለው ትንሽ ፈገግ አሉ።

«አስረውልኛል ሐጂ። በሉ አሁን ፓስወርዱን ይንገሩኝ፣ እኔም ልግባ» አልኳቸው።

ሐጂ ሙስበሃቸውን ከኪሳቸው አወጡና መልሰው ከተቱት። «እንዳትቆጣኝ» አሉ። «አይሆንም ያልከኝን አልረሳሁም። ግን ያን ሰዓት ስሟን ጽፌ መጨረሴ ነበር፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። የእናትህን ስም ነው ያደረግኩት።»

አልተቆጣኋቸውም። ሌባ እንዳይገባ በስልክ በሚመጣ ቁጥር የሚከፈት ሁለተኛ መቆለፊያ ጨመርኩበት፣ የእሷን ስም ግን አልነካሁም። ገጹ ስሟን በጻፍኩ ቁጥር ፊደሉን ሁሉ ጥቁር ነጥብ ያደርገውና ያስገባኛል።

ትኬቴንም አልሰረዝኩም፣ በቀኑ ተሳፈርኩ። ደሴ ደርሼ ደጃፋችን ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችልኝ እህቴ ናት።